እናቴ የሠራችው ጅብ

ባለፈው ቅዳሜ እዚሁ ጉለሌ ለሕዝብ በተዘጋጀ የተፈጥሮ ሳይንስ ትርኢት ላይ፣ አንዲት ቀልጣፋ ወጣት ተመራማሪ የጅብ ራስ ቅል ከፍ አድርጋ አሳየችን። የመንጋጋውን ጉልበት ሕፃናቱ ትንፋሻቸውን እስኪውጡ ድረስ ካስረዳች በኋላ፣ «ዱሮ እኮ ሸክላ ሠሪዎች ሌሊት ጅብ ይሆናሉ ይባል ነበር!» ስትል አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። አጠገቤ የተቀመጠው ጎልማሳም በክርኑ ጎሸም አድርጎኝ፣ «ሰምተዋል አባቴ? አይ የሰው ነገር!» አለኝ። ፈገግ አልሁለት። የቀጨኔ ሸክላ ሠሪ ልጅ መሆኔን ለማላውቀው ሰው የምነግርበት ምክንያት አልነበረኝም። ራስ ቅሉ ከእጅ ወደ እጅ ተላልፎ እኔ ዘንድ ሲደርስና ጣቴ አናቱ ላይ በቆመው ስለታም አጥንት ላይ ሲያርፍ ግን፣ እናቴ ያንኑ ሥፍራ ዓይኗን ጨፍና ስትዳስስ ታየችኝ።

ቤታችን ከቀጨኔ ቁልቁለቶች በአንዱ ጥግ የተወሸቀች፣ ግቢዋ ዘወትር እርጥብ ጭቃና የተቃጠለ የባሕር ዛፍ ቅጠል የሚሸት ነበረች። ገዢዎች የእናቴን ድስት ይወዱታል፤ በጣታቸው እያንኳኩ ጤንነቱን ሲያረጋግጡ በሌላው እጃቸው ልጃቸውን በነጠላ ይሸፍናሉ፤ ዓይኗ እንዳያርፍበት። ሌሊት ጅብ ሆና ትዞራለች የምትባለው እናቴ፣ አይጥ ስታይ በርጩማ ላይ ወጥታ የምትጮህ ሴት ነበረች።

የሳይንስ አስተማሪያችን መምህር ዘውዴ ከሩቅ ክፍለ ሀገር የመጡ፣ ትርፍ ጊዜያቸውን ሁሉ እንጦጦ ጫካ ውስጥ የሚያሳልፉ ሰው ነበሩ። በዚያ ያገኙትን ሁሉ ለወላጆች ቀን ለሕዝብ ለማሳየት አሰቡ፤ ነገር ግን የሞተ እንስሳ ይሸታል፣ ያልሞተው ያመልጣል። ስለዚህ አንድ ቀን የጅብ ራስ ቅል በጋዜጣ ጠቅልለው ቤታችን መጡና እናቴን እንስሳቱን በሸክላ እንድትሠራላቸው ለመኗት።

«ምነው መምህር፣ ሌላ አውሬ ጠፋ?» አለቻቸው።

«ለዚሁ እኮ ነው እትዬ ጥሩነሽ። ሰው ጅብን ቀርቦ ካየው፣ እንስሳ መሆኑን ካወቀ፣ ያንን ወሬ ይተወዋል።»

ይህ ቃል ረታት። እናቴ ከዚህ ዓለም ብዙ አልፈለገችም፤ የፈለገችው ልጅ ያዘለች ሴት በአጠገቧ ስታልፍ ነጠላዋን እንዳትዘረጋ ብቻ ነበር። ፍልፈሉን፣ እስስቱን፣ ጭላቱን ሠራች፤ በመጨረሻም ጅቡን፣ ትከሻውን ከፍ ዳሌውን ዝቅ አድርጋ፣ የታች መንጋጋው ተነቅሎ እንዲገጠም አመቻችታ፣ ከድስቶቿ ጋር ተኩሳ አወጣችው።

በሰኔ የትምህርት ቤቱ ግቢ ከየሰፈሩ በመጡ ወላጆች ተሞላ። መምህር ዘውዴ ከዴስክ ወደ ዴስክ እየዘለሉ፣ የጅብን አሳሳቅ እየሳቁ፣ የሽማግሌዎችን እጅ ሳይቀር ከመንጋጋው መካከል እያስገቡ ሕዝቡን በሳቅና በመደነቅ አሰከሩት። እናቴ ከአጥሩ ሥር ቆማለች። ከወዲያኛው ሰፈር የመጣች አንዲት ሴት፣ እርሷም ጥርሱን ለመዳሰስ ቸኩላ፣ «እስቲ ይህን ልጅ ያዢልኝ እህቴ» ብላ ሕፃኗን አሳቀፈቻት። እናቴ ሕፃኑን ተቀብላ ክንዷ ላይ አጋደመችው።

መምህሩ ደግ ሰው ነበሩ፤ የሰፈሩን ነገር ግን ጠልቀው አላወቁትም። ምስጋና የሚያቆስልበት ሥፍራ ይኖራል ብለው አላሰቡም። በደስታቸው መካከል ድንገት እጃቸውን ወደ አጥሩ ዘርግተው፣ «ይህን ሁሉ የሠሩት እኒያ ናቸው፤ የቀጨኔዋ ሸክላ ሠሪ እትዬ ጥሩነሽ! አጨብጭቡላቸው!» አሉ።

ያጨበጨበ አልነበረም።

«ታዲያ ምን ይደንቃል? የገዛ መልኳን አይደል የሠራችው!» አለች አንዷ።

«አሳምራዋለች እንጂ!» አለች ሌላዋ፤ ግቢውም አውካካ።

የሕፃኑ እናት እየሮጠች መጥታ ልጇን ከእናቴ ክንድ መነጨቀችው። ነጠላዎች ተዘረጉ፤ ጅቡን የነኩ ትናንሽ እጆች «ቱፍ! ቱፍ!» እየተባሉ በምራቅ ታበሱ። መምህር ዘውዴም ባዶ በቀረው ግቢ ውስጥ ስለ መንጋጋው ጥንካሬ ማስረዳታቸውን አላቆሙም ነበር።

እናቴ ጅቡን በነጠላዋ ጠቅልላ ወደ ቤት ወሰደችው። ሸክላ ሠሪ ገል አይጥልም፤ ወቅጦ ከአዲስ ጭቃ ጋር ይለውሰዋል፤ ድስቱ እሳት እንዲችል። ጅቡንም በማግሥቱ እንዲሁ ወቀጠችው፤ ድስት አደረገችውና አዲሱ ገበያ ወስዳ ሸጠችው። ያን ክረምት ከሳቁብን ሴቶች አንዳንዶቹ ወጣቸውን የሠሩት በጅቡ ሳይሆን አይቀርም። ይህን እየነገርኋት ስስቅ፣ «ዝም በል አንተ! ሰምተው ድስቴን እንዳይመልሱብኝ» አለችኝ።

መምህር ዘውዴ በዓመቱ ወደ ሌላ አገር ተዛወሩ። እኔ ዕድሜዬን በዱር አራዊት ጥናት ፈጀሁ፤ ስለ ጅብ የጻፍሁት በባዕድ ቋንቋ ነው፤ ያነበበውም የእኔው ብጤ ነው። ከቀጨኔ ሰው ጋር ስለ ጅብ ተነጋግሬ አላውቅም። እናቴም ከዚያ ወዲህ የእንስሳ ቅርጽ አልሠራችም፤ የባዳ ልጅም አልታቀፈችም።

ስለዚያ ቀን ያነሣችው አንድ ጊዜ፣ ከመሞቷ በፊት በአልጋዋ ላይ ሳለች ነው። ስለ ጅቡ አልነበረም፤ ስለ ሳቁም አልነበረም።

«ያ ሕፃን» አለችኝ፣ «ክንዴ ላይ እንቅልፍ ሊወስደው ነበር እኮ።»