ሰማንያ ጽጌረዳ ለአንድ ሠርግ

በምታስተምርበት ትምህርት ቤት ዱርሲቱን የሚያታልል ተማሪ ገና አልተወለደም። ጠዋት ጠዋት ስድስተኛ ክፍል ገብታ ስታስተምር፣ ከኋላ ወንበር ማስቲካ የሚያኝከውን ልጅ በስሙ ጠርታ «ትፋው» ትላለች። ዓይኗን ያጣችው በስድስት ዓመቷ፣ በኩፍኝ ነው። ቤተሰቦቿ ሰንዳፋ አካባቢ ገበሬዎች ናቸው፤ እሷ ለትምህርት ሰበታ መጥታ እዚሁ ቀረች። አሁን ሠላሳ አራት ዓመቷ ነው። የተከራየችው ክፍል ከሬሐና ቤት ጋር ግድግዳ ይጋራል። ሬሐና ከባለቤቷ ከአክመል ጋር ዓለም ገና መንገድ ዳር ሱቅ አላት፤ ወሬዋ ግድግዳ አይዘውም።

ነገሩን የጀመረችው ሬሐና ናት። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ስልኳን ይዛ እየሮጠች መጣች።

«ዱርሲ፣ ስሚ! ሴትዮዋ ኮላና የበቆሎ ስታርች ድስት ውስጥ ጨምራ አበሰለችው፤ ሊጥ ሆነ። በሊጡ አበባ ሠራችበት። እሳት ሳይነካው እንደ ሲኒ ድርቅ ይላል! ኮልድ ፖርስሊን ነው የሚሉት።»

«ኮላ ማብሰል?» አለች ዱርሲቱ። «ዋቆ! ሥራ ፈታሽ እንዴ?»

ሬሐና ሥራ አልፈታችም፤ ድስት ግን ፈጀች። ሁለት ጊዜ ሞከረች፤ ሁለቱንም ጊዜ ስልኩ ላይ አፍጥጣ ሳለ ሊጡ ከሥሩ አረረባት። በሦስተኛው ቀን የተቃጠለ ኮላ ሽታ ክፍሏ ድረስ ሲመጣባት ዱርሲቱ ተነስታ ሄደች።

«ማማሰያውን ወዲህ በይው።»

አንድ ኩባያ የአናጺ ነጭ ኮላ፣ አንድ ኩባያ ስታርች፣ ሁለት ማንኪያ ዘይት፣ ጠብ የምትል ኮምጣጤ። እሳቱ ዝቅ። ዱርሲቱ ዝም ብላ ታማስላለች።

«አሁን አጥሚት ነው» አለች። ትንሽ ቆይታ፣ «አሁን ገንፎ ሆነ።»

«ሴትዮዋ እንዲህ ሲሆን ነው የምታወጣው! አውጪው!»

«ገና ነው። ድስቱን አልለቀቀም።»

ማማሰያው ከብዶ፣ ሊጡ ተጠቅልሎ ድስቱን ሲለቅ አወረደችው። እጇን ዘይት ቀብታ በትኩሱ አሸችው። ሲበርድ ለስልሶ እንደ ጆሮ ጫፍ ሆነ። ሬሐና በጣቷ ጫን ጫን አድርጋ አየችውና «ወላሂ፣ ይሄ ነው!» ብላ ጮኸች።

አበባው ሌላ ትምህርት ነበር። አበባ እርሻ የምትሠራ የቀድሞ ተማሪዋ አንድ እቅፍ ጽጌረዳ አመጣችላት። ዱርሲቱ አንዱን ጽጌረዳ ቅጠል በቅጠል ፈታችው። መሀሉ ላይ ያሉት ተጠቅልለው የተኙ፣ የውጮቹ ጫፋቸው ስስ ሆኖ ወደ ኋላ የታጠፉ ናቸው። ብሬል ሲያነቡ የኖሩ ጣቶቿ ያንን ስስ ጫፍ ለመያዝ ጊዜ አልፈጀባቸውም። በአውራ ጣቷና በሌባ ጣቷ መሀል ሊጡን ጭምቅ አድርጋ ትለቀዋለች፤ ቅጠል ይሆናል። ሬሐና የሠራችው ግን ጥቅል ጎመን መሰለ። ራሷም አልካደችም፤ «እኔ ቀለም ላይ ልሁን» ብላ ተወችው።

ጥር ገባ፤ የሠርግ ወር። ሬሐና የተወሰኑትን አበባዎች ሱቋ ውስጥ ሰቅላቸው ነበርና አዳራሽ የምታስጌጥ ኤልሳቤት የምትባል ሴት አየቻቸው። ሠሪዋ ማን እንደሆነች ሰምታ ቤት ድረስ መጣች። ዱርሲቱን ገና ስታያት ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ ቃል በቃል እየለየች፣

«እንደምን! ዋልሽ! ቲቸር!» አለቻት።

«ደህና ነኝ። ዓይኔ ነው እንጂ ጆሮዬ ጤነኛ ነው፤ ቁጭ በይ።»

ሬሐና ሳቋን ለመደበቅ ወደ ጓዳ ሸሸች። ኤልሳቤት አፍራ ተቀመጠች፤ ግን ቶሎ ተላመደች። የምትፈልገው ለየጠረጴዛው የሚሆን ሰማንያ ጽጌረዳ ነው፤ ቀለሙ እንደ ሕፃን ጉንጭ ፈዘዝ ያለ ሮዝ። አንድ ሐሳብም ጨመረች።

«በየጠረጴዛው ትንሽ ካርድ ባደርግስ? ‹በዓይነ ስውር እጅ የተሠራ› የሚል። ሰው ልቡ ይነካል።»

«አበባው ያምራል?» ስትል ጠየቀቻት ዱርሲቱ።

«በጣም!»

«እንግዲያው ካርዱ ምን ይሠራል? ካላማረ ደግሞ አበባውንም ተይው።»

ኤልሳቤት ካርዱን ተወችው፤ አበባውን ግን አዘዘች።

ዱርሲቱ የመንፈቅ ዓመት ዕረፍት ላይ ስለነበረች በአምስት ቀን ሰማንያውን ጨረሰች። ሬሐና ሊጡ ላይ ቀለም ስትቀላቅል «የሕፃን ጉንጭ ራሱ!» እያለች ነበር። አበባዎቹ በካርቶን ተደርድረው፣ አቧራ እንዳይነካቸው ጨርቅ ተሸፍነው ደረቁ። ሠርጉ እሑድ ነው፤ ረቡዕ ኤልሳቤት መጥታ ካርቶኑን ከፈተች። ዝም አለች። ሬሐናም ዝም አለች። ሬሐና ዝም ስትል ነገር እንዳለ ዱርሲቱ ታውቃለች።

«ምን ሆነ?»

«ይሄ እኮ ቁርጥ ነው!» አለች ኤልሳቤት። «ሙሽራዋ አዋዜ ታስመጣለት እንዴ?»

ሊጡ ሲደርቅ ቀለሙ ጠቁሮ ነበር። ኤልሳቤት ቅዳሜ ጠዋት እንደምትመለስና ያኔ ካልሆነ የላስቲክ አበባ እንደምትገዛ ነግራቸው ሄደች።

«እርጥብ እያለ ትክክል ነበር፣ ወላሂ!» አለች ሬሐና።

«አንዱን አድርቀሽ አላየሽም?»

«አንቺስ መች አድርቂ አልሽኝ?»

ዱርሲቱ ተናደደች። ካርቶኑ ውስጥ በእጇ መርምራ ልታውቀው የማትችለው አንድ ነገር ቢኖር ቀለሙ ነበር፤ የተበላሸውም እሱ ሆነ። ጀርባዋን ሰጥታ ክፍሏ ገባች። አልጋዋ ላይ ተቀምጣ አንድ የደረቀ ጽጌረዳ ስታገላብጥ፣ ስትሠራው መዳፏን ይሞላ የነበረው አበባ አንሶ አገኘችው። ተነስታ ግድግዳውን ደበደበች።

«ሬሐና! ሊጡ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ቀለሙ ግን አይቀንስም! ታክሲው ሲጠብ ሰው እንደሚበዛው ማለት ነው። ሩቡን ብቻ አድርጊ፣ ነጭ ቀለምም ጨምሪበት!»

«ይኸው መጣሁ!»

አሁን ጊዜ ስለሌለ ቶሎ እንዲደርቁ አነስ አነስ አድርገው መሥራት ነበረባቸው። ሐሙስ ከሰዓት አክመል መጣ።

«ሱቅ ውስጥ አንድ እሽግ ስታርች አልቀረም። ሰው እየጠየቀኝ ነው፤ ምን ልበለው?»

«ነገ ና በለው» አለችው ዱርሲቱ። «አሁን እጅህን ታጠብና ይቺን እሽልኝ።»

አክመል እያጉረመረመ አሸ። ከሚስቱ ይልቅ እጁ የተባረከ ሆነና ሬሐናን አናደዳት።

ቁርጥ የመሰሉትን ሰማንያ ጽጌረዳዎች ሬሐና ልትጥላቸው ከበር ውጭ አስቀምጣቸው ነበር። በዚያ ሲያልፉ ያዩዋቸው ኦቦ ገመቺስ ናቸው፤ ማዶ ሥጋ ቤት አላቸው።

«አካም ኦልተን፣ እንዴት ዋላችሁ! ይቺ ምንድን ናት?»

«ተበላሽቶብን ነው ኦቦ» አለች ሬሐና። «ለአንቱ ምን ያደርጉልዎታል?»

«የቱ ጋ ነው የተበላሸው? ይሄማ የእኔ ቤት ቀለም ነው!»

ካርቶኑን ተሸክመው ወሰዱት። በዚያው ምሽት የሥጋ ቤቱ መስታወት ዙሪያውን በጽጌረዳ ታጠረ፤ ጥሬ ሥጋ የሚበሉ ሰዎች ስልካቸውን አውጥተው ከመስታወቱ ሥር ፎቶ ይነሱ ጀመር።

ቅዳሜ ኤልሳቤት አንድ አበባ አንስታ ወደ ብርሃን ወጣች። ተመልሳ ስትገባ ዱርሲቱን አቅፋ ሳመቻት፤ «ጉንጭ ነው!» እያለች። ሙሽሮቹን አስፈቅዳም ሁለቱን ሴቶች ወደ ሠርጉ ጠራቻቸው።

እሑድ ዱርሲቱና ሬሐና አንድ ጠረጴዛ ተሰጣቸው። አጠገባቸው የተቀመጡ አሮጊት አበባውን አንስተው አሸተቱ።

«ምነው ሽታ የለውም? የፈረንጅ ነው?»

«የሰበታ ነው እማማ» አለች ዱርሲቱ፣ ማን እንደሠራው ሳትናገር።

አሮጊቷ «እንዲህም አለ!» አሉ። ከዚያ ዱርሲቱ የቦርሳ ዚፕ ሲከፈት፣ ሲዘጋ ሰማች። ወዲያው ከጀርባዋ ሌላ ዚፕ። ከማዶ ጠረጴዛ ደግሞ አንድ። ሬሐናን በክርኗ ነካቻት።

«እየሰረቁን ነው» አለቻት በሹክሹክታ። ፈገግታዋን መያዝ አልቻለችም።

ሰኞ ኤልሳቤት ደወለች። ከሰማንያው የተመለሰላት ሠላሳ አንድ ብቻ ነው፤ እንደዚህ የሚሰረቅ ጌጥ አይታ አታውቅም፤ ለሚቀጥለው ሳምንት መቶ ትፈልጋለች። ዱርሲቱ ትምህርት ሊከፈት ስለሆነ ሃምሳ ብቻ ተቀበለች።

ባለፈው ሳምንት ደግሞ ዱርሲቱ ማንም ያላዘዛትን አበባ ሠራች። ጽጌረዳ አይደለም፤ ጠፍጣፋ፣ ትንንሽ፣ ባንድ አገዳ ላይ የተደረደረ ነው።

«ምንድን ነው ይሄ?» አለች ሬሐና።

«የባቄላ አበባ። ነጭ ቀቢው፤ ክንፉ ላይ ጥቁር ነጥብ አድርጊበት።»

«ጥቁር? አበባ ላይ? አንቺ በምን አወቅሽ?»

«ልጅ ሆኜ ማሳው መሀል ተደብቄ አይቼዋለሁ። ነጥቡ ዓይን ይመስላል።»

ሬሐና ተጠራጥራ ስልኳ ላይ ፈለገችና ነጥቡን አገኘችው። ከዚያ ቀጭኗን ብሩሽ አንስታ፣ «ነጥቧ ምን ያህል ትሁን?» አለች።