በጤና አዳም የተቀቀለ ቡሽ

ቡሹ ከጠረጴዛ ሥር ተንከባልሎ ጫማዬ ጋ ሲቆም ነው ነገሩ ሁሉ የመጣብኝ።

ኦስሎ መሐል ከተማ፣ ሴንትሩም ውስጥ ያለ አንድ ሬስቶራንት ነው የማጸዳው። ጠዋት በሩ ከመከፈቱ በፊት ከእኔ ሌላ ሰው የለም። ወንበሮቹን ጠረጴዛ ላይ ገልብጬ ወለሉን ስጠርግ ሁልጊዜ የሆነ ነገር አገኛለሁ፤ የጆሮ ጌጥ፣ የልጅ ካልሲ፣ ሹካ። ቡሽም ብርቅ አይደለም። ዛሬ ግን ላነሳው ጎንበስ አልኩና ሳላስበው ወደ አፍንጫዬ አስጠጋሁት። የወይን ጠጅና የእርጥብ እንጨት ሽታ ነበረው። የፈለግኩት ሽታ ግን የለበትም። እኔ የማውቀው ቡሽ ጤና አዳም፣ ጤና አዳም ይሸት ነበር።

እንዴት እንደሆነ ልንገራችሁ።

ከአገር በመጣሁ በሁለተኛው ዓመት ኳየር ገባሁ። ገባሁ ከማለት አስገቡኝ ብል ይሻላል። አክስቴ ናት እጄን ይዛ የወሰደችኝ። "ድምፅ አላት፤ ቤት ተቀምጣ ግድግዳ ከምታይ ትዘምር" ብላ አሠልጣኙ ፊት አቆመችኝ። ቤተ ክርስቲያናችን የራሱ ሕንፃ አልነበረውም። ከኖርዌጂያኖቹ ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ያለውን አዳራሽ ቅዳሜ ከሰዓት እንከራይ ነበር። አዳራሹ የወለል ሰምና የእርጥብ ሱፍ ካፖርት ይሸታል። መስኮቶቹ ከጣሪያው ሥር ስለሆኑ ከውጭ የሚታየው በረዶና የመንገደኛ እግር ብቻ ነው። ማሞቂያው በሞቀ ቁጥር ኳ፣ ኳ ይላል። አሠልጣኛችን "እሱ እንኳ ከእናንተ የተሻለ ምት ይጠብቃል" ይለን ነበር።

አሠልጣኛችን አልናብሩ የሚባል ሰፈር መጋዘን ውስጥ ፎርክሊፍት ሲነዳ ውሎ፣ የሚያንጸባርቅ ጃኬቱን ሳያወልቅ የሚመጣ ሰው ነበር። አዲስ አበባ እያለ መዝሙር ያስተምር ነበር፤ እዚህም ከኖርዌጂያኖች ጋር ዘምሯል። ዜማ ብንስት ይስቃል። አናባቢ ስናበላሽ ግን ፊቱ ይጠቁራል።

"ተነባቢ በር ይከፍታል፣ በር ይዘጋል እንጂ አይዘምርም" ይል ነበር። "እስቲ 'ም' ብላችሁ ዘምሩ። አያችሁ? የሚዘመረው አናባቢው ነው። እሱን ከበላችሁት ለሰው ምን ልትሰጡ ነው?"

ከመዝሙር በፊት ፊደሉን በአንድ ድምፅ ያስዘምረናል፤ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ፣ ሀ፣ ሁ፣ ሂ እያልን። እዚህ ተወልደው ያደጉት ልጆች አማርኛውን በላቲን ፊደል ጽፈው ነው የሚያነቡት።

"ራብዕ ምንድን ነው?" አለችው አንድ ቀን ከመካከላቸው አንዷ፤ ፕሪንስዳል ከሚባል ሰፈር ስለምትመጣ የፕሪንስዳሏ ልጅ እንላት ነበር።

"አራተኛዋ።"

"ያ፣ ፊየርደ! እንደሱ አትልም ታዲያ?" አለች፤ በኖርዌጂያኖቹ ቋንቋ 'አዎ፣ አራተኛ' ማለቷ ነው።

ሁሉም ሳቀ፤ እሱም ሳቀ። ልጅቷ ሳድሱን ሁሉ ሣልስ ታደርገዋለች፣ ግን አፏን ከፍታ ነው የምታጠፋው። እሱም ለእሷ ትዕግሥት ነበረው። እኔ ትምህርቴን ከስድስተኛ ክፍል አላሳለፍኩም። ፊደሉን ግን እንደ ስሜ አውቀዋለሁ። ጭንቅላቴ ውስጥ ሰባቱም ጥርት ብለው ይሰሙኛል። ከአፌ ሲወጡ ነው የሚበላሹት፤ በተለይ ራብዑ። ራብዕ አፍ ካልተከፈተለት አይወጣም። እኔ ደግሞ አፌን አልከፍትም ነበር።

ስለ ጥርሴ ልናገር። መቂ አካባቢ ተወልዶ የጉድጓድ ውሃ እየጠጣ ያደገ ሰው ጥርሱ ይበልዛል። እዚያ ሳለሁ ጉዳዬም አልነበረም፤ የጎረቤቱም፣ የአስተማሪውም፣ የሁላችንም እንደዚያው ነበርና። ኦስሎ መጥቼ የአገሩን ቋንቋ፣ ኖርስክ መማር የጀመርኩ ሰሞን ነው አንዷ የክፍል ጓደኛዬ "ብዙ ታጨሻለሽ?" ያለችኝ። በሕይወቴ ሲጋራ ነክቼ አላውቅም። ማታ መስታወት ፊት ቆሜ ጥርሴን እንደ ሌላ ሰው ጥርስ አየሁት። ከዚያ በኋላ ስስቅ በእጄ ሸፈንኩ፤ ሳወራ ከንፈሬን ሰበሰብኩ። ስዘምር ያው ነው።

ታዲያ አንድ ቅዳሜ ጀርባዬን ለበሩ ሰጥቼ የሻይ ኩባያ ሳጥብ ለራሴ እያንጎራጎርኩ ነበር። ወጥ ቤቱ ውስጥ ማንም አልነበረም። ዞር ስል አሠልጣኙ በሩን ተደግፎ ቆሟል።

"ይሄን ድምፅ እስከ ዛሬ የት ደብቀሽው ነው?" አለኝ። እዚያው፣ እጄ አረፋ እንደሆነ፣ ራሱ የደረሰውን አዲስ መዝሙር የብቻ ክፍል ሰጠኝ። በበዓለ ኀምሳ ከኖርዌጂያኖቹ ጋር በጋራ በምናመልክበት ቀን የሚዘመር ነው። "ማለዳዬ በራ" የሚል ስንኝ አለው፤ ሦስቴ ይደጋገማል። በሕይወቴ አንድም ሰው ይሄን ብቻሽን ሥሪው ብሎ የሰጠኝ ነገር አልነበረም። አውቶቡስ ውስጥ መስኮቱን ተደግፌ ለራሴ ፈገግ አልኩ፤ ያኔም እጄን አፌ ላይ አድርጌ።

ፈገግታው ግን እስከሚቀጥለው ቅዳሜ ነበር። ሰው ፊት ስቆም "ማለዳዬ በራ" የሚለው "መለደዬ በረ" እየሆነ ይወጣል።

"መለደ ምንድን ነው?" አለ አሠልጣኙ። "መለደ የሚባል ነገር በአማርኛ አለ? ኣ በይ! ማ!"

"መ።"

"ማ!"

"መ።"

ማሞቂያው ኳ አለ። ልጆቹ ሳቁ።

የቡሹ ሐሳብ ያኔ መጣ። ኖርዌጂያኖቹ ዘንድ የተማረው ዘዴ ነበር፤ ቡሽ በፊት ጥርስ ነክሶ መዘመር፣ አገጭ እንዳይዘጋ። "ለሳምንት ሁላችሁም ቡሽ ይዛችሁ ኑ" አለን። የማንኛችንም ቤት ወይን አይገባም።

"ጠጥተን ነው የምናመጣው?" አለች የፕሪንስዳሏ ልጅ።

ሳቁ ሲበርድ ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ሬስቶራንት የማጸዳ እኔ ነኛ።

አንድ ፌስታል ሙሉ ይዤ መጣሁ። ፌስታሉን ስፈታው አዳራሹ በአንዴ መጠጥ ቤት፣ መጠጥ ቤት ሸተተ። ይባስ ብሎ የጸሎት እናታችን ደግሞ ያን ዕለት ቀድመው መጡ። እማማ እንላቸው ነበር። አዛውንት ናቸው፤ ሁልጊዜ የነጠላቸውን ጫፍ አፋቸው ላይ ጣል ያደርጋሉ።

"በኢየሱስ ስም! ይሄ የምን ሽታ ነው?"

"ቡሽ ነው፣ እማማ። ለመዝሙር ነው" አለ አሠልጣኙ።

"ለመዝሙር? የሰካራም ክዳን ለመዝሙር?"

"ለአናባቢ ነው፣ እማማ።"

"እሱ ደግሞ ማነው?"

ማንም ሳቁን መያዝ አልቻለም። እሳቸው ግን ፌስታሉን ከእጄ ወስደው ቋጠሩና ይዘውት ሄዱ። እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ጣሏቸው ብለን ተስፋ ቆርጠን ነበር። በሳምንቱ ያንኑ ፌስታል መልሰው አመጡ። መስኮታቸው ላይ በጣሳ ከሚያበቅሉት ጤና አዳም ቆርጠው ቡሾቹን ከእሱ ጋር ሲቀቅሉ ውለዋል።

"እንኩ፣ አሁን ዘምሩ" አሉ። "ያለበትን ሁሉ ቀቅዬ አውጥቼዋለሁ።"

ቡሻችንን ነክሰን ተሰለፍን። ያ ሽታ አሁንም አፍንጫዬ ውስጥ አለ፤ መረር ያለ፣ አረንጓዴ፣ ሙቅ። ምራቃችን ይንጠባጠባል፤ አንዱ ሌላውን እያየ በሳቅ ይፈርሳል። እኔም ረስቼው ሳቅኩ። ቡሹ ከንፈሬን ገልጦት ነበር።

"እንዴ፣ ጥርስሽ ምን ሆኖ ነው?" አለች የፕሪንስዳሏ ልጅ። "ቡና ነው?"

ክፋት የላትም። እንደመጣላት ነው የጠየቀችው።

ቡሹን አወጣሁና ኪሴ ከተትኩት። "ያ፣ ቡና ነው" አልኳት።

ከዚያ ወዲያ አልነከስኩም። በረዶው ቀልጦ ከመስኮቱ ሣር መታየት እስኪጀምር ድረስ በየቅዳሜው ከአሠልጣኙ ጋር ያው ትግል ነበር። "ድምፅ ተሰጥቶሽ ቆልፈሽ አስቀመጥሽው" ይላል። "ስንፍና ነው! አፍ መክፈት ምን ይከብዳል?" እኔ ሰነፍ? ሰው ሁሉ ተኝቶ ሳለ ተነሥቼ የሰው ወለል የምወለውል? ይሄንና ሌላም ብዙ ነገር ልመልስለት ጉሮሮዬ ላይ ይደርስና እዚያው ይቀራል። እሱም አልጠየቀኝም። ጆሮውን አፌ ድረስ አስጠግቶ ያዳምጠኛል፤ አፌን ግን አንድ ቀን ቀና ብሎ አላየውም። ዛሬም ሳስበው ያንገበግበኛል። በመጨረሻ "በሚቀጥለው ሳምንት ራብዑ ካልመጣ ለፕሪንስዳሏ ልጅ እሰጠዋለሁ" አለኝ።

ወጥ ቤት ገብቼ የታጠበ ኩባያ እንደገና ማጠብ ጀመርኩ። እማማ ተከትለውኝ ገቡ።

"ከየት ነሽ፣ ልጄ?"

"ከመቂ።"

"ገምቼ ነበር። እኔ የዝዋይ ነኝ።" የነጠላቸውን ጫፍ ከአፋቸው ላይ አወረዱ። ከነጠላው ውጪ አይቻቸው አላውቅም ነበር። ጥርሳቸው እንደ እኔ ነው፤ ከእኔም ይብሳል። "ውሃችን ነው" አሉኝ። "እኔስ ነጠላ አለኝ። አንቺ በምን ሸፍነሽ ልትዘምሪ ነው?"

ኩባያውን አስቀመጥኩት።

"እኔ ጆሮዬ ደክሟል" አሉ። "ስትዘምሩ ዜማው ይመጣል፣ ቃሉ ግን አይመጣልኝም። አሠልጣኛችሁ እንዲያ የሚጮኸው ለኔ ብጤው ነው። ምን እንዳልሽ ልስማ እንጂ።"

"እሺ፣ እማማ" አልኩ። እሺ ማለት ቀላል ነው።

በሚቀጥለው ቅዳሜ አሠልጣኙ መዝሙሩን ለፕሪንስዳሏ ልጅ ሊሰጣት ነበር። እሷ ናት "ኔይ፣ የሷ ነው" ብላ እንቢ ያለችው። ወደ እኔ ሳታይ ነበር ያለችው።

በዓለ ኀምሳ ደረሰ። የምንዘምረው ከምድር ቤቱ በላይ ባለው ትልቁ አዳራሽ ነው። ከረጃጅሞቹ መስኮቶች የሚገባው ብርሃን ከልኩ በላይ ነበር፤ መደበቂያ የለውም። ኖርዌጂያኖቹ በቀኝ፣ የእኛ እናቶች በነጭ ነጠላ በግራ ተቀምጠዋል። ብቻዬን ወደፊት ወጣሁ።

"መለደዬ በረ።"

አሠልጣኙ እጁን እንደ አፍ ይከፍታል፣ ይዘጋል፣ ይከፍታል።

"መለደዬ በረ።"

እጁን ጣለው። ፊቱ ጠቆረ። ቃሉን አውቀዋለሁ፣ ድምፁ እዚህ ደረቴ ውስጥ አለ፣ ግን ከንፈሬ የሌላ ሰው ነው። ያኔ የመጀመሪያው ወንበር ላይ እማማን አየኋቸው። ነጠላቸውን ከአፋቸው አውርደው ትከሻቸው ላይ ጥለውታል። በዚያ ሁሉ ብርሃን፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት አፋቸውን እንደ ሕፃን ከፈቱ።

"ማ—" አሉ።

ከዜማውም ከምቱም ውጪ፣ በሻከረ ድምፅ። ሰው ሁሉ ዞረ። የእኔም አፍ አብሮ ተከፈተ።

"ማለዳዬ በራ።"

ጣሪያው ድረስ ሄደ። አሠልጣኙ የጠየቀው ራብዕ ይኸው ነበር። አንዴ ብቻ፣ ከዚያ መዝሙሩ አለቀ።

ሲያልቅ መጣና "መጨረሻው ጥሩ ነበር" አለኝ። "እማማ ባይጮኹበት።"

ያን ቀን ያልመለስኩለትን እስከ ዛሬ ወለል ስወለውል እመልሳለሁ።

እሱ ሥራ ቀይሮ ወደ ሌላ ከተማ ሄደ። እማማ በረዶው ሲመለስ አረፉ። ኳየሩ አሁን ትልልቅ ድምፅ ማጉያ አለው፤ ራብዕሽ የት አለ የሚል የለም። እኔም ከኋላ ረድፍ ቆሜ ከንፈሬን አነቃንቃለሁ።

የፕሪንስዳሏ ልጅ የበዓለ ኀምሳውን መዝሙሬን በስልኳ ቀድታ ልካልኝ ነበር። ዛሬ ወንበሮቹ መሐል ቆሜ ከፈትኩትና ስልኬን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩት። ሁለቴ የታፈነው ድምፄ ይመጣል፤ ሁለቴም እበሳጫለሁ። ከዚያ የእማማ "ማ" ይመጣል፤ ሻካራ፣ ከዜማው የወጣ፣ አንድ ፊደል ያልጎደለው። የእኔ ከኋላ ይደርስበታል። እዚህ ቦታ ላይ ስደርስ ሁልጊዜ አፌ ራሱ ይከፈታል፤ እጄም ተከትሎ ይነሣና ይሸፍነዋል፤ ማንም ባይኖርም።

ዛሬ ግን በአንዱ እጄ መወልወያውን፣ በሌላው ቡሹን ይዤ ነበር።