ጥጥና ማር

ከአዲስ አበባ ስመለስ ነገሌ ያው ነገሌ ነበረች፤ አቧራው፣ ሙቀቱ፣ ከጦር ሰፈሩ የሚነፋው መለከት። የጎደልኩት እኔ ነኝ። ግራ ጡቴን ነቀርሳ ብለው ቆርጠውልኝ፣ በወታደር ካሚዮን ስንገጫገጭ መጥቼ አልጋዬ ላይ ወደቅሁ። ከሆስፒታል ስወጣ ሐኪሙን፣ መልሶ የሚሠራ የለም ወይ ብዬ ጠይቄው ነበር። ውጭ አገር ከሆድ ሥጋና ቆዳ እየወሰዱ ይሞክራሉ፣ እዚህ ግን የለም፤ በጊዜ ስለደረስሽ ተመስገን በዪ፣ ጥጥ አድርጊበት አለኝ።

ጥጡን አደረግሁ። በነገሌ ሙቀት ላብ ይጠጣና ይከብዳል፣ አለዚያም ወደ ብብቴ ይሸሻል። ጠያቂ በመጣ ቁጥር እጄን ደረቴ ላይ አጣምሬ እቀመጣለሁ። ዋናው ነፍስሽ መትረፏ ነው ይሉኛል ሁሉም። እውነት ነው፤ ግን እውነትም ሲደጋገም ያታክታል። ባሌም ይህንኑ ይል ነበር፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ እየተኛ።

ከመታመሜ በፊት የገባሁት አንድ ቃል ነበር። የባሌ ጓደኛ የነበረ አስር አለቃ ሞቶ፣ የጉጂ ኦሮሞ የሆነችው እናቷም ቀድማ ሞታባት ብቻዋን የቀረች ልጅ ነበረች። እኔ ደግሞ አልወለድኩም። በሽማግሌ ፊት ጡቴን ማር ቀብቼ ላጠባትና የጡት ልጄ ላደርጋት ተስማምተን ነበር። ልትዳር ስለሆነ እናት ሆና የምትሸኛት ሴት ያስፈልጋታል። ቁስሌን እያጠበች ያስታመመችኝም እሷው ናት።

የማጥባቱ ቀን ሲደርስ ሰፈሩ ተንሾካሾከ። ነቀርሳ በጡት ይተላለፋል አሉ። ሐኪሙ አይተላለፍም ብሎኛል፤ ቢሆንም ሆዴ ፈራ። የሰው ልጅ ከምገድል መካን ተብዬ ብሞት ይሻለኛል ብዬ፣ ይቅር አልኩ። ሽማግሌው ዘዴ አላጡም፤ በአውራ ጣትም ይሆናል፣ የቆየ ደንብ ነው አሉኝ። ከፍቶኝ ነበር፣ ግን ለመከራከር አቅሙ ከየት ይምጣ። ጣቴን ማሩ ውስጥ ነክሬ ዘረጋሁላት።

አየችው እንጂ አልነካችውም።

"ላኪ፣ እትዬ" አለች፤ እንቢ ስትል ሁሌም ወደ እናቷ ኦሮምኛ ትሄዳለች። "ጣትማ ሁሉም ሰው አለው።"

ሽማግሌው ገባቸውና አንገታቸውን ደፉ። ልጅቱ በነጠላዋ ከለለችኝ፣ ቀሚሴን ራሷ ፈታች፣ ማሩን በቀኙ ላይ ቀባችና አጎንብሳ ጠባች። ጥጡ ወለሉ ላይ ወድቆ ቤት የሞላው ሰው አየው። ላነሳው እንኳ አልቃጣሁም። አለቀስኩ፤ ደስታዬም ድካሜም አንድ ላይ ነው የመጣብኝ።

እሷን ድሬ፣ በዓመቱ ለምርመራ አዲስ አበባ ወጣሁ። የጠበቀኝ ሌላ ሐኪም ነበር። ቀና ብሎ ሳያየኝ ወልደሽ ታውቂያለሽ ወይ አለኝ። አንድ ሴት ልጅ አለችኝ አልኩት። አጥብተሻታል ወይ ብሎ ጠየቀኝ።

"አዎ" አልኩት፤ "በተረፈው።"