የአባቴ ምርቃት ከላፕቶፕ ጋር ሊጠፋ ሲል

«ዛሬስ መብራት አይሄድም» ብላችሁ የላፕቶፓችሁን ዊንዶውስ መቀየር ጀምራችሁ አታውቁም?

እኔ ትናንት ጀመርኩ። ገና ግማሽ ሲደርስ መብራት ሄደ። ባትሪዬ ከሞተ ቆይቷል። ዛሬ ጠዋት ስከፍተው ጥቁር ስክሪን ብቻ!

ሲቪዬም እዚያው ነበር፤ እሱስ እንደገና ይጻፋል። ያስጨነቀኝ የአባቴ ድምፅ ነው። የተመረቅኩ ቀን ከዳባት መጥቶ ሲመርቀኝ በስልኬ ቀድቼ ላፕቶፑ ላይ አስቀምጬው ነበር። አባቴ አምና አረፈ። ሌላ ቅጂ የለኝም።

አራዳ ሰፈር፣ ኮምፒውተር የሚጠግነው ከድር ጋ ሮጥኩ።

«ምነው እህቴ፣ ሁሉን ዴስክቶፕ ላይ ትከምሪዋለሽ? ዊንዶውስ ሲቀየር የማይነካው ዲ ድራይቭ ለጌጥ ነው?» እያለ ሃርድ ዲስኩን ፈትቶ ከራሱ ኮምፒውተር ጋር አገናኘው።

ብዙ ፈልገን «ኒው ፎልደር 4» ውስጥ አገኘነውና ከፈትነው። (አዎ፣ አራተኛው ነው። አትሳቁ።)

«የጀመርሽው ይቃናልሽ፤ እንጀራ ይውጣልሽ... ምነው ልጄ፣ ይኸ ዕቃ ይሰማኛል?» አለ አባቴ።

ያኔም በዚህ ስቄ ነበር። ዛሬ ሳቅኩና አለቀስኩ።

ቀና ስል ከድር መፍቻውን አስቀምጦ፣ ሁለት እጁን ዘርግቶ «አሚን» ይላል። ተራ የሚጠብቁት ደንበኞችም ሁሉ «አሜን!» አሉ።

እናንተስ ጠፋ ብላችሁ መልሳችሁ ያገኛችሁት ምንድን ነው? ከታች ጻፉልኝ። ግን መጀመሪያ ፍላሽ ላይ ገልብጡት።