የወጋየሁ ጣውላ፣ የሸጊቱ ሰም

ሸጊቱ ሰው አታምንም። ወተት ስትገዛ ጣቷን ነክራ ወደ ብርሃን ታነሣለች፤ ሥጋ ቤት ስትቆም ሚዛኑን ትታ የባለ ሚዛኑን አውራ ጣት ታያለች። መካኒሳ አቦ ይህን አመሏን ለምዶታል። በ1990 መስከረም ግን ጥርጣሬዋ ሁሉ ተሰብስቦ አንድ ሰው ላይ አረፈ፤ ሴራሚክ አንጣፊው ኤልያቄም ላይ።

ባሏ ወጋየሁ ካረፈ ወዲህ ሁለቱን ክፍሎች የሚለየውን ግድግዳ አስፈርሳ ምግብ ቤት ልትከፍት ተነሥታለች። ከቀበሌ መጥተው ያዩት ሰዎች በውኃ የሚታጠብ ወለል ያስፈልጋል ብለዋታል። አንደኛው ክፍል የሲሚንቶ ሊሾ ነው። ሁለተኛው ግን ጣውላ ነው፤ ያውም አናጢው ወጋየሁ የማሽን ማሸጊያ የእንጨት ሣጥን እያፈረሰ፣ በገዛ እጁ እየላገ የመታው።

በመስኮቱ በኩል ካሉት ጣውላዎች አንዷ ሲረግጧት ትጮኻለች። ወጋየሁ ከሥራ ሲገባ ኮቱን የሚሰቅለው እዚያ ስለነበር፣ ያቺ ድምፅ «መጣሁ» ማለቱ ነበረች። ዛሬ እሷው እየረገጠች ትሰማዋለች። በወጣትነቷ ፈረንጅ ቤት ስትሠራ በለመደችው ወግ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ጣውላውን ቀይ የወለል ሰም ትቀባና የሱፍ ጨርቅ በእግሯ ረግጣ፣ ወገቧን ይዛ፣ ከግድግዳ ግድግዳ እየተንሸራተተች ታንጎራጉራለች፦

አናጢው ወዳጄ ሳንቃ አነጠፈልኝ፤
እሱ ቢሄድብኝ ድምፁ ተረፈልኝ።

ስለዚህ ቃሏ አንድ ነበር፤ ሴራሚኩ ከላይ ይነጠፍ፣ ጣውላው ከሥር ይቆይ።

ኤልያቄም ከሆሳዕና የመጣ፣ ሥራ ላይ መዝሙር ከአፉ የማይለይ ሰው ነው። ጎረቤቷ ሐሚዳ ስታመጣው፣ ጴንጤ ነው፣ የሰው ሚስማር እንኳ አይነካም ብላ መሰከረችለት።

«ሌባ መዝሙር አይችልም ያለሽ ማነው?» አለቻት ሸጊቱ።

እሱም ወለሉን በመዶሻው እጀታ እየነካካ ዞረና፣ ሊሾውን ሲሚንቶ ይይዘዋል፣ ጣውላ ግን እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል፣ ተነሥቶ ከሥሩ ሊሾ ቢደረግ ይሻላል አላት። ሸጊቱ ይህን ስትሰማ ሌላው ቃል ሁሉ ከጆሮዋ ራቀ። እንዲህ ያለ ደረቅ እንጨት ዛሬ የት ይገኛል? ይኼ ሰው ጣውላዬን ፈልጓል አለች በልቧ።

እንግዲያው ይሞከር ተባለ። ኤልያቄም ጣውላው ላይ አንዱን ሴራሚክ በሲሚንቶ ብቻ፣ አንዱን ነጭ ኮላ በተቀላቀለበት ሲሚንቶ፣ አንዱን በማስቲሽ ለጠፈ፤ ሊሾው ላይም እንደዚያው። የያዘው ይመረጣል። ሸጊቱ በሩን ቆልፋ ቁልፉን በማተቧ አንገቷ ላይ አንጠለጠለች።

ከቀናት በኋላ ሲከፈት፣ ሊሾው ላይ ያሉት አንነቃነቅም አሉ። የጣውላዎቹ ሦስቱም ግን በእጅ ብቻ ላጥ እያሉ ተነሡ።

«አውቀህ ነው» አለች ሸጊቱ። «ጣውላውን ንቀልልኝ እንድልህ ነው።»

ኤልያቄም እንደተንበረከከ ቀና አለ። እሱም በበኩሉ ሲጠረጥራት ሰንብቷል። «እትዬ፣ ቁልፉ ያለው እርስዎ አንገት ላይ ነው። የሙከራውን ዋጋ ላለመክፈል ራስዎ ነቅለውት እንደሆነስ እኔ በምን አውቃለሁ?»

ሐሚዳ ከበሩ ላይ ሆና፣ ፖሊስ ልጥራ ወይስ እንደ ዶሮ አስራችሁ ልሂድ አለች።

ሸጊቱ አንዱን ሴራሚክ ቀምታው ገለበጠችው። ማጣበቂያውን ሰስቶ እንደሆነ ልታጋልጠው ነው። አልሰሰተም፤ ወፍራም ሆኖ እስከ ጠርዙ ደርቋል። ነገር ግን ሆዱ ላይ ቀይ፣ የሚያብረቀርቅ ቆዳ ለብሷል። በአውራ ጣቷ ፈተገችው፤ አሸተተችው። ሽታው የቅዳሜ ሽታ ነበር። ሌሎቹንም ገለበጠች። ሦስቱም እንደዚያው። ማጣበቂያው ጨብጦ የያዘው የእሷን ሰም ነው እንጂ ጣውላውንማ ከነጭራሹ አላገኘውም። ያን ሁሉ ቅዳሜ የወጋየሁን እንጨት ስታስጌጥ፣ ማንም እንዳይደርስበት አድርጋ ሸፍናዋለች።

ዝም ብትል ማንም አያውቅባትም ነበር። ኤልያቄም አሁንም በጎን እያያት ነው።

«ሰሜ ነው» አለችና ሴራሚኩን ሰጠችው።

ፈቅፍቆ ማንሣቱን ለሰው አልሰጠችም። ጨርቁን በነጭ ጋዝ እየነከረች፣ በምላጭ እየፋቀች፣ በጉልበቷ እየዳኸች ሠራችው። ቀዩ እየተገፈፈ ሲሄድ ከሥሩ የወጋየሁ መላጊያ የሄደበት መስመር ብቅ አለ። የራሷን ልፋት አጥፍታ የእሱን አተረፈች። እያለቀሰች ነው ወይስ ጋዙ ዓይኗን ቆጥቁጧት፣ ሐሚዳ መለየት አቃታት።

እንደገና ሲሞከር፣ በጣውላው ላይ ኮላ የተቀላቀለበት ሲሚንቶ ጠበቀ፤ እሱ ተመረጠ። ሊሾው በተራ ሲሚንቶ፣ ሁለቱ ወለሎች በሚገናኙበት መስመር ላይ ደግሞ ጠባብ ክፍተት ተትቶ ሥራው ተጀመረ። ኤልያቄም የሚነቃነቀውን ጣውላ ሁሉ በሚስማር እያጠበቀ ሄደ፤ እየዘመረ መስኮቱ ጋ ደረሰ። ይቺ ካልተመታች ሴራሚኩ ይሰነጠቃል አለ።

ሸጊቱ ሄዳ ጣውላዋ ላይ ቆመች። ከእግሯ ሥር ጮኸች።

«እዚህ ጋ ባንኮኒ ይቆማል» አለች። «ከባንኮኒው ኋላ ከእኔ በቀር ማንም አይቆምም። ይቺን ሚስማርም ሴራሚክም አይንካት፤ እንደነበረች ተዋት።»

«የዚህን ቦታ ያህል ከዋጋው ሊቀንሱ ነው?»

«አልቀንስም። ብቻ መዶሻህን ወዲያ በል።»

ምግብ ቤቱ የተከፈተ ዕለት ሸጊቱ ዳቦ ልታነሣ ወደ ባንኮኒው ኋላ አለፈች። «መጣሁ» አለ ጣውላው። ቆም አለች። ድምፁ ቀጠን ብሎባታል። እንግዶቹን እንዳላየች ሆና ጎንበስ አለችና የአዲስ ሚስማር ራስ በጣቷ ፈለገች፤ ከዳር እስከ ዳር ዳበሰች። ምንም የለም። ኤልያቄም ቃሉን ጠብቋል።

ቀና ብላ ቀሚሷን አራገፈች። ከዚያም፣ ለማንኛውም ብላ፣ አንዴ ደግማ ረገጠችው።