አባቴ የተለማመደው ፈተና

ዘንድሮ በመጀመሪያው ዓመት የሕክምና ትምህርቴ የልብ ምት በጣት መቁጠር ስንለማመድ አባቴ ትዝ አለኝ።

አባቴ ጂንካ ውስጥ የአንደኛ ደረጃ መምህር ነው። አሥራ አንደኛ ክፍል ሳለሁ ከቀበሌ ስብሰባ ሲመለስ ዳገቱ ላይ ደረቱን ይጨምቀው ጀመር። ሐኪሙ የልብን ምት የሚያረጋጋ ኪኒን አዘዘለት። ሰዓቱን ጠብቄ የምሰጠው እኔ ነበርኩ።

ከወራት በኋላ ሐኪሙ ልቡ ሥራ ሲበዛበት ምን እንደሚሆን ማየት ፈለገ። ለምርመራው የነበረው አናጺ የሠራው ባለ ሁለት እርከን የእንጨት ደረጃና የልብን ምት ወረቀት ላይ የሚስል ማሽን ነው። ኪኒኑን ቀስ በቀስ አስቀነሰውና፣ "የመጨረሻዎቹን ሁለት ቀናት ጭራሽ እንዳትሰጪው" አለኝ።

አባቴ ግን ምርመራ ሲባል የገባው ፈተና ነው። እረፍ ቢባልም በየጠዋቱ የጸሎት ቤታችንን ደረጃ፣ ደረቱን ሲጨምቀው እየቆመ፣ ይወጣና ይወርድ ነበር። በቀጠሮው ቀን እጁን ዘረጋልኝ።

"አምጪው።"

"አባዬ፣ ተከልክሏል እኮ!"

"ከወደቅሁ ጡረታ ውጣ ይሉኛል። ዛሬን ብቻ፣ ልጄ።"

ፊቱን ሳየው እምቢ ማለት አልቻልኩም። ሰጠሁት።

ሐኪሙ ዘንድ የእንጨት ደረጃው ላይ ሲወጣና ሲወርድ ጎረምሳ መሰለ።

"ስንት አገኘሁ?" አለ እያለከለከ።

"መምህር፣ እዚህ ማርክ የለም" አለው ሐኪሙ።

"ማርክ የሌለው ፈተና አላውቅም!"

ሁለቱም ሳቁ። ከዚያ ሐኪሙ፣ "ወረቀቱ ንጹሕ ነው። ሕመሙ የጨጓራ ሳይሆን አይቀርም፤ የልቡን ኪኒን እናቁመው" ብሎ መጻፍ ጀመረ። አባቴ ደስ ብሎት ሸሚዙን ይቆልፋል። 

"ዶክተር፣ ጠዋት ኪኒኑን ሰጥቼዋለሁ።"

አባቴ ቀና ብሎ አላየኝም። ሐኪሙ አልተቆጣም። ኪኒኑ ልቡ እንዳይፈጥን ይዞት እንደነበር፣ ልብ ካልፈጠነ ደግሞ ልቡ የሚያጥረው ደም ወረቀቱ ላይ ላይታይ እንደሚችል አስረዳን። "ጤነኛ ነዎት ብዬ ልሸኝዎት ነበር" አለው። ለሌላ ሳምንት ቀጠረን።

ስንመለስ፣ አንድም ተማሪ አስኮርጆ የማያውቅ ሰው በሐኪም ፊት አሳፈርኩት እያልኩ ከኋላው ተከተልኩት። የአውሮፕላን ሜዳውን አልፈን ዳገቱን ስንጀምር፣ አንድ ዛፍ ሥር ቆመና እጄን ይዞ ደረቱ ላይ አሳረፈው።

"እዚህ ጋ ነው የሚይዘኝ" አለኝ በቤታችን ቋንቋ በአሪኛ። "ያለ ኪኒን ከዚህ ዛፍ አላልፍም። እኔ ከፈራሁ፣ ለሐኪሙ አንቺ ንገሪው።"