ለንግድ ፈቃዱ ባዕድ፣ ለሆስፒታሉ እህት

መጀመሪያ ያስጠላኝ የቅቤ ሽታ ነው። ደብረ ብርሃን ላይ ምግብ ቤት ከፍቼ ቀኑን ሙሉ ወጥ የምሠራ ሴት፣ ድስት በከፈትኩ ቁጥር ወደ ጓሮ መሮጥ ጀመርኩ። በሳምንቱ ዓይኔ ቢጫ ሆነ፤ ሽንቴ የሻይ መልክ ያዘ። አገሬው የወፍ በሽታ ይለዋል።

ከምግብ ቤቱ ጎን ያለው ሱቅ የአልማዝ ነበር። ለሰው ጓደኛሞች ነን፤ በራችንን ስንዘጋ ግን እንደ ባልና ሚስት የምንዋደድ፣ አንድ አልጋ የምንተኛ። በደርግ ጊዜ ለአንድ ቤተሰብ ከአንድ የንግድ ፈቃድ በላይ አይሰጥም ነበርና፣ ቢሮ ሄደን «ዝምድና የለንም» ብለን ፈርመናል። መፈረሙ አልከበደንም፤ ማንስ ዘመድ ይለናል?

ስታመም አልማዝ ሱቁን ዘግታ ወጡን ያዘች። ዘይትና ሳሙና መሸጥ እንጂ ሽንኩርት ማቁላላት አታውቅም። ደንበኞቻችን ጨዋ ስለሆኑ ዝም ብለው በሉ፤ አንዳንዶቹ ሳይሰናበቱ ጠፉ።

ከዚያ ወደቅኩ። ውሃ እንኳ አልረጋልኝም። ሆስፒታል ወሰዱኝ።

«ሄፓታይተስ ነው፤ ጉበቷ ተጎድቷል» አለ ሐኪሙ። «አስታማሚ የምናስገባው የቤተሰብ ሰው ብቻ ነው።»

«እህቷ ነኝ» አለች አልማዝ።

«የአባት ስም?»

እሷ የአባቷን ተናገረች። እኔም ራሴ ዞሮብኝ የአባቴን። ሐኪሙ መጻፉን አቆመ። የባሰው ደግሞ አጠገቤ የተኛችውን ሚስቱን ሊጠይቅ የመጣው ሰውዬ ነበር፤ ፊርማችን ላይ ማኅተም የመታው የንግድ ቢሮው ጸሐፊ። እህቴ ከሆነች ሱቁ ይዘጋል። ካልሆነች ትወጣለች። አልማዝ አይታዋለች፤ እጄን ግን አልለቀቀችም።

«እህቷ ነኝ አልኩ እኮ» አለች፣ ጮክ ብላ።

ፈራሁ። ብቻዬን ልቀር ነው ብዬ።

ጸሐፊው ጉሮሮውን ጠረገ። «ዶክተር፣ እኔ እነዚህ ሰዎች ቤት ነው ምሳ የምበላው። የማን ልጆች እንደሆኑ አላውቅም። እሷ ግን እዚሁ ትቀመጥ፤ እዚህ እስካለች ወጥ አትሠራም።»

ሐኪሙ ሳቀና «እህት» ብሎ ጻፈ።

ሦስት ሳምንት ሙሉ አልማዝ መጀመሪያ ስኳር በውሃ እየበጠበጠች፣ ቀጥሎም አጥሚት በማንኪያ እየሰጠችኝ፣ አንድ ቀን ከጎረቤት አልጋ የመጣ የቅቤ ሽታ ምራቄን እስኪያስውጠኝ ድረስ አስታመመችኝ።

ዓይናችሁ ቢጫ ከሆነ አረቄና ጮማ ተዉ፣ ለሰው ምግብ አትሥሩ፣ ቶሎ ሐኪም ጋ ሂዱ፤ ዕረፍቱንም አታሳጥሩ። ሐኪሙንና ጸሐፊውን እግዜር ይስጥልኝ። አልማዝን ግን ምን ብዬ እንደማመሰግናት ዛሬም አላውቅም። ያን ቀን ሱቅሽን ልታጪ ነበር እኮ ስላት፣ «ሱቅማ ሌላ ይከፈታል» ትለኛለች።